የ400ዎቹ ፖርቱጋሎች ዘመቻ በካስታንዮዞ መጽሐፍ፦ ለታሪክ ትምህርት የቀረበ ሂስ

በአገራችን የታሪክ ክፍሎች ስለ ዐሥራ ስድስተኛው ምእተ ዓመት ጦርነት ሲወሳ፥ ተማሪው ብዙ ጊዜ ይዞት የሚወጣው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም «400 ፖርቱጋሎች መጥተው ኢትዮጵያን አዳኗት» የሚል ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭርና ለፈተና የሚመች ከመሆኑ በቀር ብዙ የሚመሰገንበት ነገር የለውም። የሚያስገርመው ደግሞ፥ ለዚህ አባባል በዋና ምስክርነት የሚጠቀሰው የሚጌል ደ ካስታንዮዞ መጽሐፍ ራሱ፥ እስከ መጨረሻው ላነበበው ሰው ሌላ ነገር የሚናገር መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካስታንዮዞ በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ሥር የዘመተ ወታደር ሲሆን፥ መጽሐፉ በሊዝበን የታተመው በ1564 ነው። ዋይትዌይ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ደግሞ በ1902 ታትሟል። ደራሲው የመንገዱን አቀበት፥ የቁስለኛውን ሥቃይ፥ ከደብረ ዳሞ የወረዱትን የእቴጌ ሰብለ ወንጌልን ክብር በቀላል አነጋገር ይተርካል፤ ሽንፈትንም አይሸሽግም። በዚህ ረገድ ከአንድ ዓመት በኋላ ከታተመው ከጆዋ ቤርሙዴዝ መጽሐፍ እጅግ ይበልጣል። ቤርሙዴዝ ፓትርያርክ ነኝ ባይ ነበርና በትረካው ውስጥ አጉልቶ የሚያሳየው ራሱን ነው።

የካስታንዮዞ የመጀመሪያ ጉድለት የሚታየው ከባሕሩ ላይ ነው። አፄ ልብነ ድንግል የርዳታ ጥሪ ማቅረባቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ መርከቦቹ የተነሡት ለዚህ ጥሪ ብቻ አልነበረም። የፖርቱጋል ሕንድ ገዥ የነበረው የክሪስቶቫኦ ወንድም እስቴቫኦ ዳ ጋማ በ1541 ወደ ቀይ ባሕር የገባው፥ በስዊዝ የነበሩትን የኦቶማን ቱርክ የጦር መርከቦች ለማቃጠል አስቦ ነበር። ቱርኮቹ ነቅተው ስለጠበቁት ሳይሳካለት ተመልሶ፥ በሐምሌ ወር ወንድሙን ከ400 ሰዎች ጋር ከምጽዋ ወደ ደጋው አሰናበተ። እንግዲህ ዘመቻው ሁለቱ ኀይሎች በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ላይ ያደርጉት የነበረው ፉክክር አንድ ክፍል ነበር። ካስታንዮዞ ይህን ሰፊ ሁኔታ አይመረምርም። መምህሩ ካላሟላውም ተማሪው ርዳታውን ያለ ሌላ ምክንያት የመጣ በጎ አድራጎት አድርጎ ይወስደዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ለምዕራብ ጎጃም ተማሪ ይበልጥ ግልጽ ነው። ስሟ ፈረስን በሚያነሣው በፈረስ ቤት፥ በደጋ ዳሞት ምድር የሚያስተምር መምህር ስለ ፈረስ ጥቅም ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ካስታንዮዞ ስለ 1542 ውጊያዎች ሲጽፍ አጥብቆ ከሚያማርርባቸው ነገሮች አንዱ የፈረስ እጦት ነው። በሚያዝያ ወር ፖርቱጋሎቹ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን አቁስለው ጦራቸውን ቢመልሱም፥ ፈረስ ስላልነበራቸው ተከታትለው ድሉን ሊፈጽሙት አልቻሉም። መድፍና ነፍጥ ሜዳውን ያስለቅቃሉ እንጂ የሸሸውን አያሳድዱም። ክሪስቶቫኦ በኋላ ወደ ስሜን ተራራ የወጣበትም አንዱ ምክንያት ፈረስ ፍለጋ ነበር።

ከዚያም የወፍላ ውጊያ ሆነ። ኢማሙ ከኦቶማኖች ወደ 900 የሚሆኑ ነፍጥ ያዦችና 10 መድፎች አግኝተው በ1542 ክረምት ማብቂያ ፖርቱጋሎቹን ድል አደረጉ፤ ክሪስቶቫኦም ተማርኮ ተገደለ። በነፍጥ የተገኘው ብልጫ በነፍጥ ጠፋ። የተረፉት ከእቴጌዪቱ ጋር ወደ ስሜን ወጡ፤ ባሩድ የተሠራውም በዚያው ተራራ ላይ ነበር። አፄ ገላውዴዎስ ከሸዋ መጥተው ተቀላቀሏቸው። በየካቲት 1543 ኢማሙ ለወደቁበት የወይና ደጋ ውጊያ፥ ካስታንዮዞ የንጉሡን ጦር 8,000 እግረኛና 500 ፈረሰኛ አድርጎ ይገምታል፤ የቀሩት ፖርቱጋሎች ግን 200 እንኳ አይሞሉም ነበር። ይህ ግምት ከራሱ ከደራሲው ብዕር የወጣ ነው።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት እነዚህን 8,000 ሰዎች ያለ ስም ማለፉ ነው። ተራው ኢትዮጵያዊ ስንቅ ሲያቀርብና መንገድ ሲመራ ይታያል እንጂ ሲናገር አይሰማም። በሌላው ወገን የቆሙትም «ሙሮች» በሚል አንድ ስም ይጠቀለላሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዚሁ አገር ሰዎች ነበሩ፤ የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉና መምህሩ ቃሉን እንዳለ ሊደግመው አይገባም። ስለዚህ በግእዝ የተጻፈው የአፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕልና በዐረብኛ የተጻፈው የሺሃብ አድ-ዲን ፉቱሕ አል-ሐበሻ አብረው መነበብ አለባቸው። ዜና መዋዕሉ ንጉሡን ለማወደስ ያደላል፤ የፉቱሕ አል-ሐበሻ የተገኘው ክፍልም ፖርቱጋሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ያበቃል። ሆኖም አንዱ የጎደለውን ሌላው ያሟላል።

ሁሉን ለፖርቱጋል የመስጠት ልማድ ከመጽሐፍ ውጭም አለ። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የድንጋይ ድልድይ በ1626 በአፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ የተሠራ ሆኖ ሳለ፥ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይባላል። በ1618 በሰከላ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ፔድሮ ፓኤዝም በትውልዱ እስፓኛዊ፥ በሥራው ካህን ነበር፤ ከ1541 ዘማቾች ጋር ግን ብዙ ጊዜ ይደባለቃል። ወታደሮቹና ካህናቱ በዘመንም በዓላማም የተለያዩ መሆናቸው በትምህርቱ ተለይቶ መቅረብ ይኖርበታል።

ከዚህ በላይ የተባለው የካስታንዮዞ መጽሐፍ ከክፍል ይውጣ ለማለት አይደለም፤ በሙሉ ይነበብ ለማለት ነው። የፖርቱጋሎቹን ጀግንነትና የነፍጣቸውን ድርሻ መካድ፥ ሁሉን ለእነርሱ ከመስጠት የማይሻል ሌላ ስሕተት ይሆናል። መምህሩ የሚያዝያውንና የወይና ደጋውን ውጊያ የሚተርኩትን ክፍሎች ጎን ለጎን አቅርቦ፥ «ማን አዳነን?» በማለት ፈንታ «በመጀመሪያው ያልነበረ፥ በሁለተኛው የተገኘ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበቃል። የፈረስ ቤት ተማሪ 500ውን ፈረሰኛ ከገጹ ላይ አግኝቶ ፈረሶቹ የማን እንደነበሩ መልሶ ከጠየቀ፥ ትምህርቱ ዓላማውን መትቷል።