ረጅም የጎማ ብሎን፦ ጥሩ ሥራ ከምን ይታወቃል?

በሲልቨር ስፕሪንግ ጆርጂያ አቬኑ ይሁን በአሌክሳንድሪያ ዱክ ስትሪት፣ ልጆቻችን ማስታንጉንና ሱባሩ ቢአርዜዱን ይዘው ብቅ ሲሉ ቀድሞ ዓይን የሚስበው ጎማው ነው። ቸርኬው ሰፍቷል፣ ከኋላው ስፔሰር ገብቶ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል፣ የብሎኖቹም ጫፍ ከዳዶው አልፎ ይታያል። ብዙ ሰው ሥራውን የሚመዝነው በዚህ ጫፍ ነው። እኔ ግን ጫፉን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም ጎማው ከታሰረ በኋላ በማይታየው በኩል፣ ከሞዞው ጀርባ ነውና።

ብሎን የሚረዝመው ለጌጥ አይደለም። 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ባስገባችሁ ቁጥር ዳዶው የሚይዘው ጥርስ በዚያው ልክ ያጥራል፤ ጥርሱ 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከሦስት ዙር በላይ ተቀነሰ ማለት ነው። የአሜሪካ የድራግ እሽቅድምድም ማኅበር ኤንኤችአርኤ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል እንዲሆን ያዛል። ለመንገድ መኪናም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ጥርስ ያለው ብሎን 8 ሙሉ ዙር ይፈልጋል፤ እንደ ቢአርዜድ ጥርሱ 1.25 ከሆነ ወደ 10 ይጠጋል። መካኒኩ ዳዶውን በእጁ ሲያስገባ ቁጠሩ። በእጁ ማስገባት ትቶ ከመጀመሪያው በአየር መፍቻ ከጀመረ ጥርስ ሊያዛንፍ ይችላልና በዚያው ቅር ልትሰኙ ይገባል።

አሁን ወደ ጀርባው እንዙር። የጎማ ብሎን ሞዞው ላይ በጥርስ አይታሰርም። ከጭንቅላቱ ሥር ዙሪያውን የተሸነሸነ አንገት አለው፤ ያ አንገት በግፊት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ስለዚህ የአዲሱ ብሎን አንገት ከቀዳዳው ጋር በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ መግጠም አለበት። በጣት ተገፍቶ እስከ ጭንቅላቱ ድረስ ከገባ ሥራውን አስቁሙ፤ ነገ ዳዶው ሲጠብቅ ወይም ሲፈታ አብሮ ይሽከረከራል። በትክክል የገባ ብሎን ጭንቅላቱ ዙሪያውን ከሞዞው ጋር ይለጠፋል። ጎማው ሳይታሰር ባትሪ አብርታችሁ በጀርባ በኩል እያንዳንዱን እዩት። በአንዱ ወገን ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ብሎኑ ዘምሟል ወይም ገና አልደረሰም። እንዲህ ያለው ብሎን ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፤ መንገድ ላይ ግን ቀስ እያለ ወደ ቦታው ሲሳብ ዳዶው ይላላል።

አገባቡም ሰውየውን ያሳብቃል። ሞዞው ወልቆ በፕሬስ ቢገባ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ከመኪናው ሳይወልቅ ሮንዴላ ደርድሮ በአሮጌ ዳዶና በእጅ ቁልፍ ቀስ ብሎ መሳብም ያስኬዳል፤ ያ ዳዶ ግን ጥርሱ ተጎሳቁሏልና ጎማ አይታሰርበትም። አሮጌውን ብሎን በትልቅ መዶሻ እየወቃ የሚያወጣውን ሽሹ። ምቱ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፤ ጉዳቱ ዛሬ አይሰማም፣ በኋላ ቤልትዌይ ላይ በፍጥነት ስትነዱ ማጉረምረም ይጀምራል። ሌላም አቋራጭ አለ፤ ረጅሙ ብሎን በጠባቡ ቦታ አልዞር ሲል ጭንቅላቱን በግራይንደር መሞረድ። የተሞረደ ጭንቅላት ካያችሁ አትቀበሉ፤ ሞዞው መውለቅ ካለበት ይውለቅ።

ብዙዎች የሚታለሉት ግን በዳዶው ነው። ፋብሪካው የሰጠው ዳዶ ብዙውን ጊዜ ጫፉ የተደፈነ ነው። ብሎኑ ሲረዝም ጫፉ ከድፍኑ ጋር ይጋጫል፣ ቶርክ ሬንቹም «ጠቅ» ይላል፤ ቸርኬው ግን አልተያዘም። ስለዚህ ረጅም ብሎን በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ ዳዶ ይፈልጋል፣ መቀመጫውም ከቸርኬው ጋር መግጠም አለበት፤ ሾጣጣና ክብ መቀመጫ አይተካኩም። ጫፎቹ የሚታዩትም ለዚህ እንጂ ለጌጥ አይደለም።

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ጎሚስታው ቁልፉ ላይ ቆሞ በክብደቱ ሲያጠብቅ እያየን ስለኖርን «ይበልጥ የጠበቀ ይሻላል» የሚለው ነገር ከልባችን አይወጣም። ብሎን ግን ከልኩ ሲያልፍ ይለጠጣል፣ ተመልሶም አይድንም። ቢአርዜድ 89 ፉት ፓውንድ፣ ከ2015 ወዲህ ያለው ማስታንግ ደግሞ 150 ፉት ፓውንድ ይፈልጋሉ። በተለይ ብሎን ከተቀየረ በኋላ ይህን ልክ በቶርክ ሬንች፣ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቀ የሚጨርስ መካኒክ ሥራውን ያውቃል። ሲጨርስ በየዳዶው ላይ በቀለም መስመር የሚያሰምር ከሆነ ደግሞ አክብሩት፤ አንዱ ቢዞር ወዲያው ይታያል።

ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ሰሚት ፖይንት የመወዳደሪያ ሜዳ መኪናውን የሚያስሮጥ ሰው ብሎኖቹ ደጋግመው ይግላሉ፣ ደጋግመውም ይፈታሉ፤ ስለዚህ በየዙሩ መካከል ቶርኩን ማየት አለበት። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ደግሞ ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ስለምትጠይቅ በተሰበረ፣ በላላ ወይም በጎደለ ብሎን አያልፍም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ግን ሜሪላንድ ምርመራውን የምትጠይቀው በዋናነት ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ስለሆነ፣ ለዓመታት የሚያይለት ላይኖር ይችላል።

ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ መቼ ልመለስ?» ትክክለኛው መልስ ከ50 እስከ 100 ማይል ከነዳችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ሁሉም ዳዶ እንደገና በቶርክ ይታያል። «መመለስ አያስፈልግም» ካላችሁ፣ ቶርክ ሬንች ገዝታችሁ ራሳችሁ እዩት።