ውለታ የፍቅር ዕዳ አይደለም

የእኅቴ የልጅ ልጅ አንድ ቀን ፊቷን አጥቍራ ከቤቴ ገባች። «ምን ሆነሽ?» ብላት፣ «አባባ፣ ስንት ዓመት የተከተልሁት መጽሐፍ የማይገባቸውን አጋብቶ ተፈጸመ» አለችኝ።

መጽሐፉ «ብሊች» የተባለው የጃፓን ማንጋ ነው። ማንጋ ማለት በሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተረክ ታሪክ ነው። ደራሲው ቲቴ ኩቦ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ2001 እስከ 2016 ዓ.ም. በሳምንታዊ መጽሔት ላይ ሲያወጣው ቈይቶ በ74 ቅጽ ፈጸመው። እኔም ሳልመረምር አልፈርድም ብዬ፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማረኝን እንግሊዝኛ ተመርኵዤ ጨርሼ አነበብሁት።

ኢቺጎ የ15 ዓመት ተማሪ ነው። ሩኪያ ነፍሳትን ወደ ወዲያኛው ዓለም የምታሻግር መንፈስ ስትሆን፣ ቤተ ሰቡን ያድን ዘንድ ኀይልዋን ትሰጠዋለች። በዚህም ተከሳ ሞት ሲፈረድባት እርሱ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ነፍሳት አገር ዘምቶ ያድናታል። ስለዚህ ብዙ አንባቢዎች ሁለቱ ይጋባሉ ብለው ጠበቁ። በመደምደሚያው ግን፣ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ኢቺጎ ኦሪሂሜን፣ ሩኪያም ሬንጂን አግብተው፣ ልጆች ወልደው ይታያሉ።

በእውነቱ ይህ ጋብቻ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኦሪሂሜ ወደ ጠላት አገር ስትወሰድ አንድ ሰው ብቻ እንድትሰናበት ተፈቅዶላት፣ የመረጠችው ተኝቶ የነበረውን ኢቺጎን ነው። ሬንጂም ከሩኪያ ጋር በድኻ ሰፈር አብሮ ያደገ፣ በኋላም ስለ እርስዋ የተዋጋ ነው። ነገር ግን ደራሲው 10 ዓመቱን ዘልሎ ልጆቹን ብቻ ማሳየቱ ጥፋት ነው። የሩኪያንና የሬንጂን ሰርግ የተረከው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የወጣው የማኮቶ ማትሱባራ ልብ ወለድ ነው። እኔ አስተማሪ ሳለሁ፣ መልሱን ጽፎ ስሌቱን ለተወ ተማሪ ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ነበር።

የአንባቢዎቹ ቍጣ ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በወጣትነቴ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ታማ ሳለች፣ አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ የእርስዋን ክፍል ደርቤ አስተማርሁላት። በዳነች ጊዜ ሌላ ሰው ልታገባ መሆኗን ነገረችኝ። ተቈጣሁ፤ ሰርግዋንም ቀረሁ። ለካ ውለታዬን እንደ አራጣ ብድር እቈጥረው ኖሮአል። ይቅርታ ሳልጠይቃትም አረፈች።

ኢቺጎ ወደ ነፍሳት አገር የዘመተው ሚስት ለማግኘት አልነበረም። ሩኪያን በዋጋ መልክ ቢሰጡት ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጀግንነት ወደ ንግድ በወረደ ነበር። ደግሞም ኦሪሂሜን ለማዳን ዘምቷል፤ ያዳኑትን ሁሉ ማግባት ግድ ቢሆን ምን ሊያደርግ ኖሯል?

ይህን ለልጅቱ ብነግራት ጥቂት አሰበችና፣ «ይሁን፤ መንገዱን ግን ሊያሳየን ይገባ ነበር» አለች። በዚህስ እውነት አላት።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ ደራሲን ስለ ሥራው ጕድለት ውቀሱት፤ መብታችሁ ነው። ነገር ግን መልካም ያደረጋችሁለት ሰው ልቡን እንዲከፍላችሁ አትጠብቁ። ወዳጃችሁ ሌላ ቢመርጥ፣ ከሰርጉ አትቅሩ።