የአዲስ ገብስ ጠላ

ዛሬ ማለዳ የጋኑን አፍ ከፈትኩ። ጭቃውን ፍቄ የኮባውን ቅጠል ሳነሣ መጀመሪያ አፍንጫዬን የመታው የወይራ ጭስ ነው፤ ቀጥሎ ጌሾው፤ ገብሱ ከሁሉም ኋላ መጣ። ቅደም ተከተሉን አልወደድኩትም። በሌላ ወቅት የምጠምቀው ጠላ ጭሱ ቢቀድም አይከፋኝም። የታኅሣሡ ግን የአዲስ ገብስ ጠላ ነው፤ ገብሱ መቅደም ነበረበት።

እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ፤ ወንጪ የወጣሁት በትዳር ነው። ሁለቱ የሚራራቁት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለጠማቂ ግን ሌላ አገር ናቸው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የወንጪ ሐይቅ ውሃው ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ከሐይቁም በላይ፣ አፋፉ ላይ ነን። እናቴ ቤት በሦስት ቀን የሚነሣው ጥንስስ እዚህ በብርዱ አምስትም ስድስትም ቀን ይተኛል። በመጀመሪያው ዓመት የአምቦን ቀን ቆጥሬ ደፈደፍኩና ጠላው ሊጥ ሊጥ የሚል ሆነ። አማቴ ቀመሱት፤ አልተቆጡም። "ልጄ፣ እዚህ ቀን አይቆጠርም። ጆሮሽን ጋኑ ላይ አድርጊና ስሚ" አሉኝ። ጥንስስ ሲነቃ ከውስጥ ልክ ሣር ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ድምፅ አለው። ያንን ሳልሰማ ድፍድፍ አልነካም።

ጠላ ቀለሙን የሚያገኘው ምጣድ ላይ ነው። አሻሮው ሲቆላ፣ እንኩሮው ሲገላበጥ ቡና እስኪመስል ከቆየ ጠላው ጥቁር ይወጣል። ገና ዳቦ ዳቦ ሲሸት ከወረደ የገለባ ቀለም ይዞ ይወጣል። ብዙ ጠማቂ ማጥቆር ይወዳል፤ ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ጥቁር ጠላ ጥፋት ይሸፍናል። ብቅሉ ትንሽ ሻጋታ ቢነካው፣ ጌሾው ቢያረጅ፣ ጋኑ በደንብ ባይታጠብ፣ የተቃጠለው እንኩሮ ሁሉንም ይውጠዋል። ነጣ ባለ ጠላ ውስጥ ግን መደበቂያ የለም። ለዚህ ነው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ገብሱ ከአውድማ በገባ ሰሞን፣ ነጣ ያለውን ካልጠመቅሁ ሥራዬን የሠራሁ የማይመስለኝ። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበትን እህል አሳርሮ ማቅረብ እህሉን ማስቀየም ነው።

ሆኖም "አዲስ ገብስ" ስል ሁሉም አዲስ ነው ማለቴ አይደለም። በቅርብ የታጨደ ገብስ እንቅልፍ አለበት፤ ነክረው በኮባ ቢጠቀልሉት ግማሹ ይበቅላል፣ ግማሹ እንደ ጠጠር ይቀራል። ይህን ያወቅሁት አንድ ሙሉ ቁና ገብስ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ብቅሉን ካምና ከተረፈው አበቅላለሁ። አንድ ሌሊት ነክሬ፣ በኮባ ጠቅልዬ፣ ድንጋይ ጭኜ፣ ሥሩ እርስ በርሱ ሲያያዝ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ የታኅሣሥ ውርጭ እንዳይነካው ማታ ማታ አስገባዋለሁ። አሻሮው ነው ከአዲሱ የሚሆነው። ብርታቱን አሮጌው ይሰጣል፣ መዓዛውን አዲሱ።

ስለ ውሃው ትንሽ ልቆይ። አምቦ ድሮ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው በጠበሏና በፍል ውሃዋ ነው፤ ወንጪም ገደሉ ውስጥ እንዲሁ የሚፍለቀለቅ ማዕድን ያለው ውሃ አለ። ልጅ ሆኜ የአምቦውን ውሃ ጠጥቼ ስላደግሁ፣ ጠላም ቢጠመቅበት ጉድ የሚባል ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓመት ሞከርኩት። ነጣ እንዲል አድርጌ የቆላሁት ጠላ ደፍርሶ፣ ጠቆር ብሎ፣ የጌሾው ምሬት ምላስ ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለ። ከዚያ በዚያው ውሃ ጥቁር ጠላ ጠመቅሁ፤ እሱ ተጠጣ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የአምቦን የመሰለ ውሃ ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ባይካርቦኔት ደግሞ ድፍድፉ የሚፈልገውን ኮምጣጣነት ይገድላል። በደንብ የተቆላ እህል የራሱ ኮምጣጣነት ስላለው ይቋቋመዋል፤ ሳይጠቁር የወረደው አቅም የለውም። በባሕር ማዶም ታሪኩ ይኸው ነው። ባይካርቦኔት የበዛበት የደብሊን ውሃ በጥቁር ቢራ ታወቀ፤ ጂፕሰም ያለበት የእንግሊዙ የበርተን ውሃ ደግሞ ነጣ ባለው፣ እነሱ ፔል ኤል በሚሉት ቢራ ስም አወጣ። እኔ አሁን ለነጣው ጠላ ከአፋፉ የሚወርደውን ቀጭን የምንጭ ውሃ ነው የማስቀዳው፤ ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበትን።

ፔል ኤልን ካነሣሁ ጭሱንም ላንሣ። እንግሊዞች ነጣ ያለ ብቅል እንደ ልባቸው ማግኘት የጀመሩት በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በእንጨት ፈንታ ኮክ በሚባል ጭስ በሌለው ከሰል ማድረቅ ሲለምዱ ነው። ጭሱን ከቢራው አስወጡት። እኔ ያን ያህል አልሄድም። ጋን በግራዋ ታሽቶ ታጥቦ በወይራ ካልታጠነ ጠላው የእኛ አይደለም። የዛሬው ጥፋቴ መጠኑ ነው፤ አንድ ፍልጥ የሚበቃውን ጋን በሁለት አጥኜ፣ ጭሱ ሳይወጣለት ከደንኩት።

አቀማመሱ እንዲህ ነው። ቡና ሳልጠጣ፣ በርበሬ ሳልነካ ነው የምቀምሰው። ከላይ ያለውን ትቼ ከመካከል እቀዳለሁ። እናቶቻችን ለእንግዳ ከመቅዳታቸው በፊት እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ትንሽ በመዳፌ ላይ አፈስሳለሁ፤ የእጅ ሙቀት ሽታውን ይገልጠዋል። ዛሬ መዳፌ ላይ ጭስ ነበር። አፌ ውስጥ ሲገባ ግን የተቆረሰ ትኩስ የገብስ ቂጣ ጣዕም መጣ፤ ከኋላው ጌሾው ለስለስ ብሎ አፍን አድርቆ ሄደ። ቀለሙ እንደፈለግሁት ነው፤ ብርጭቆው ማዶ ጣቴ ይታየኛል። እኩለ ቀን ላይ ደግሜ ቀመስኩት። ጭሱ ሳስቷል፣ ገብሱ ወደ ፊት መጥቷል።

ይህ ጠላ ዕድሜው አጭር ነው። በተከፈተ ቀን ጭሱና ጌሾው አይስማሙም፤ በሁለተኛው ይግባባሉ፤ በሦስተኛው ገብሱ ይገዛል፤ አምስተኛው ላይ አየር የነካው ሁሉ መኮምጠጥ ይጀምራል። አልኮሉ ብዙ አይደለም፤ ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው። ስለዚህ በጠርሙስ ታሽጎ እንደሚሸጥ ቢራ አይጠብቅም። ገበያ የሚወጣውም ለዚህ ይመስለኛል ጥቁሩ ብቻ የሆነው።

በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ከመረጣት ወዲህ እንግዳው በዝቷል። ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያያል፣ ማራችንን ይገዛል። ጠላችንን ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ለሚጠይቀውም የሚቀርብለት የተገኘው ነው፤ የከረመ ሊሆን ይችላል፣ ከሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ያንን ቀምሶ የሄደ ሰው ጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ለምትጠምቁ እህቶቼ፦ ከአዲሱ ገብስ አንዷን ጋን ብቻ ለዚህ ተዉ፤ እንኩሮውን ከምጣድ ቶሎ አውርዱት። ለምትመጡ እንግዶች፦ ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወንጪ ከደረሳችሁ ጋኑ ከተከፈተ ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛ ቀኑ ከሆነ ቁጭ በሉና ይቀዳላችሁ።