አየር ሲሳሳ ውሃ አይሳሳም

ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣል። ዋናው ምክንያት ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ መሆኑ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ክንፍ የሚደገፍበት፣ ሞተርም የሚምገው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ነዳጁንም መንገደኛውንም ሙሉ አድርጎ ከአስፋልቱ መነሳት ይቸግረዋል። እኔ የምሠራት ሞዴል አውሮፕላን ክብደቷ 1.6 ኪሎ ብቻ ነው፤ ችግሯ ግን ያው የትልቁ አውሮፕላን ችግር ነው። እንዲያውም የእሷ ይብሳል፤ ምክንያቱም የምትነሳው ከአስፋልት ሳይሆን ከውሃ ነው።

በጎማ ፈንታ ሁለት ተንሳፋፊ እግሮች አሏት። ሐይቅ ላይ ትንሳፈፋለች፣ በእጄ ባለው ሬዲዮ እየተመራች ውሃውን ቀዝፋ ትነሳለች፣ ተመልሳም ውሃው ላይ ታርፋለች። ሥራውን የጀመርኩት ካዛንቺስ፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ግቢውም አብሮ ሄደ፤ እኔም ጠረጴዛዬንና ዕቃዬን ይዤ ወደ መሿለኪያ ወረድኩ። ሁለቱም ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ጋ ሐይቅ የለም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝም ይህንኑ ነው፦ ሐይቅ በሌለበት ሰፈር የውሃ አውሮፕላን ምን ይሠራል? መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ይቺ አውሮፕላን ትነሳ አትነሳ የሚወሰነው ሐይቁ ዳር ሳይሆን እዚህ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሄንሪ ፋብር የተባለው ፈረንሳዊ በሞተር የሚሠራ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውሃ ላይ ያስነሳው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1910 ማርሴይ አጠገብ ነው። ውሃውም አየሩም ባሕር ወለል ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት የሙያው ደንቦች፣ በካርቶን ታሽገው የሚሸጡ ሞዴሎች ላይ የሚለጠፈው የሞተርና የፕሮፔለር ምክር ሳይቀር፣ የወጡት በአብዛኛው ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ደንቦቹን እንዳሉ ይዞ ወደ እኛ አገር ሐይቅ የሚወርድ ሰው የሚገጥመውን ልንገራችሁ። ላንጋኖ 1,585 ሜትር ላይ ነው። ሞቅ ባለ ቀን አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የእኔዋ አውሮፕላን ባሕር ወለል ላይ ብትሆን በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ ክንፏ ይሸከማታል፤ ላንጋኖ ላይ 31 ያስፈልጋታል። ይህ በራሱ ብዙ አይደለም። ከጎማ የሚነሳ አውሮፕላን ትንሽ ረዘም አድርጎ ይሮጥና ይገላገለዋል።

ውሃ ግን እንዲህ አያስሮጥም። አንድ ሊትር ውሃ ከየትም ከፍታ ብትቀዱት ያው አንድ ኪሎ ነው። ተንሳፋፊዎቹ ሲንቀሳቀሱ መጀመሪያ ውሃውን እያረሱ ፊታቸው ላይ ማዕበል ይቆልላሉ፤ አፍንጫቸው ቀና፣ ጅራታቸው ዝቅ ይላል። ያንን የራሳቸውን ማዕበል ወጥተው ካላለፉት በቀር ውሃው ላይ መንሸራተት አይጀምሩም። ይህ ጉብታ የሚመጣበትን ፍጥነት የሚወስኑት ተንሳፋፊውና ውሃው ናቸው፤ የአየሩ መሳሳት አያዘገየውም፣ አያሳንሰውም። ጉብታውን ለመውጣት የሚያግዙን ሁለቱ ነገሮች ግን፣ ከላይ ክብደት የሚቀንስልን ክንፍና ከፊት የሚጎትተን ፕሮፔለር፣ ሁለቱም የሚኖሩት በአየር ነው። ጠላታችን ሙሉ ጉልበቱን እንደያዘ ነው፤ ወዳጆቻችን ግን ከአምስት እጅ አንዱን እጅ አጥተዋል። ለዚህ ነው ባሕር ዳርቻ ላይ እንደ ልቧ የምትነሳ ሞዴል እኛ ጋ ሐይቁን ስታርስ ውላ ባትሪዋን ጨርሳ የምትመለሰው።

መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት የሚመስለው ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። ትልቅ ሞተር ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል፣ ባትሪው ክብደት ያመጣል፣ ክብደቱ ተንሳፋፊዎቹን ያሰምጣል፣ የሰመጠ ተንሳፋፊ ደግሞ ጉብታውን ያሳድገዋል። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ከፍታ ላይ ራሱ ይደክማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚተነፍሰው የለውም፣ ጉልበቱ ከባትሪው ነው። የሚጎድለው ፕሮፔለሩ ላይ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ፕሮፔለሩ ስለሚቀለው ሞተሩ ሊሰጥ የሚችለውን ያህል አይወስድም። ስለዚህ ፕሮፔለሩን ከ11 ኢንች ወደ 12 አሳድጋለሁ፣ የሚጎትተውን ኤሌክትሪክ በቆጣሪ ለክቼ ከሞተሩ አቅም እንዳያልፍ አያለሁ። የጠፋው ጉልበት አብዛኛው በዚህ ይመለሳል። ፕሮፔለሩ ሲያድግ ጫፉ ወደ ውሃው ይቀርባልና የተንሳፋፊዎቹን ማያያዣ እግር ማስረዘም ግድ ይሆናል፤ በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከር ምላጭ ፍንጣቂ ሲመታው ጉልበቱ እዚያው ያልቃል።

ለዚህ ከፍታ አውሮፕላን መሥራት በአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ካረፈ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ «ፀሐይ»ን እዚሁ ሠርቶ አበረራት። ጣሊያን ወስዷት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ጣሊያን ሳለች የነበረችበት የቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ብራቻኖ ሐይቅ ዳር ያለ፣ ቀድሞ የውሃ አውሮፕላኖች ሰፈር የነበረ ቦታ ነው። ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር እዚያ ሐይቅ ዳር የቆየችበት ዘመን ይቆጨኛል፤ መመለሷ ደግሞ እንደ ራሴ ጉዳይ ደስ ይለኛል።

ወደ ተንሳፋፊዎቹ ልመለስ፤ የሙያው ልብ እነሱ ናቸው። የምሠራቸው ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ማሸጊያ ነጭ ፎም ነው። ለአውሮፕላኗ ክብደት የሚበቃውን መጠን እጥፍ አደርገዋለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ 3.2 ሊትር ውሃ የሚገፉ፣ አንዱ ብቻውን ሙሉ ክብደቷን መሸከም የሚችል። ርዝመታቸው 76 ሴንቲ ሜትር፣ ከአውሮፕላኗ አካል ሦስት አራተኛ በትንሹ የሚያልፍ ነው። ፎሙን በጋለ ሽቦ እቆርጣለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ከዚያ ስስ ጨርቅ በኮላ አለብሰዋለሁ። ከሆዳቸው መሐል ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ እርከን አለ፤ የታችኛው ገጽ በድንገት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሰበራል።

እርከኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት የማንኪያ ጀርባ ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ አስነኩ። ውሃው ማንኪያውን ይገፋዋል ብላችሁ ስትጠብቁ ይስበዋል፤ ውሃ የጎበጠ ገጽ ሲያገኝ ተጣብቆ ይከተለዋል። የተንሳፋፊው ሆድ እስከ ጅራቱ ድረስ ሳይቋረጥ ቢጎብጥ ሐይቁም እንዲሁ ይዞ ያስቀረዋል፤ ሞተሩ የፈለገውን ያህል ይጩህ። እርከኑ ጋ ሲደርስ ግን ውሃው ጠርዙን መታጠፍ አቅቶት ይላቀቃል፣ ከኋላው አየር ይገባል፣ የኋለኛው ግማሽ ከውሃው ነፃ ይወጣል። ጠርዙ ስል መሆን አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ ከሁሉ የምጠነቀቀው እዚያ ጋ ነው፤ ትንሽ ከተጠጋጋ ውሃው ይታጠፍበታል። ጠርዙ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ለጥፌ ጥፍሬን እስኪይዝ ድረስ አሾለዋለሁ።

ቦታውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እርከኑ ከአውሮፕላኗ ሚዛን ነጥብ ጥቂት ወደ ኋላ መሆን አለበት፤ እኔ ሁለት ሴንቲ ሜትር አደርገዋለሁ። በጣም ወደ ኋላ ከሄደ አፍንጫዋን ማንሳት አትችልም፤ ወደ ፊት ከመጣ ደግሞ ፍጥነት ስታገኝ መነቅነቅ ትጀምራለች፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ወደ ታች እየተመላለሰ በመጨረሻ ውሃው ውስጥ ይሰካል።

ካዛንቺስ ሳለን የመሞከሪያ ሐይቃችን ወገቡ ላይ የተቆረጠ አሮጌ ሮቶ ነበር። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ ብታስቀምጡ የታወቀ አንድ ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልግም። ተንሳፋፊዎቹን በሃይላንድ እየጫንን ውሃው የት ላይ እንደሚደርስ በእርሳስ እናሰምር ነበር። የግቢው ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ከጓዳቸው ብቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ጀልባ ነው አውሮፕላን?» አሉኝ። «ሁለቱም ነው እትዬ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩና «እንግዲያ መጀመሪያ ጀልባነቱን አሳምረው» ብለው ገቡ። ከዚያ የተሻለ ምክር ከየትም አላገኘሁም። መነሳት የማትችል የውሃ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ጉድለቷ ጀልባነቷ ላይ ነው።

ማብረሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ካዛንቺስና መሿለኪያ ላይ የሚታሰብ አይደለም፤ ፎቁንና ሽቦውን ትተን እንኳ ቦሌ ቅርብ ነው። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ኢንሳ የምንለው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ሞዴል አውሮፕላን ሌላ ነገር ነው ብሎ መከራከር የሚወድ አለ፤ እኔ ክርክሩ አይጥመኝም። ሬዲዮው ያው፣ ሞተሩ ያው፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰውም ልዩነቱ አይታይም። ፈቃዱን መጠየቅ፣ እስኪመጣም መታገሥ የሥራው አካል ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ ቢሾፍቱ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፤ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ ሐይቆች። ባቦጋያ ዳር ቆሞ ያንን ውሃ ማየት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ፈተና ነው። ነገር ግን ቢሾፍቱ የአየር ኃይላችን መቀመጫ ናት፤ ሰማዩ የእነሱ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ሲገኝ ላንጋኖ እንወርዳለን።

ላንጋኖ ማለዳ መድረስ ያስፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። ፍጹም ጸጥ ያለ ውሃም ቢሆን አልወደውም፤ እንደ ሰሌዳ የተዘረጋ ውሃ ተንሳፋፊውን አጥብቆ ይይዛል። የምፈልገው ትንሽ ሽብሽብታ ነው፤ ከሥር አየር ያስገባል። መጀመሪያ ባትሪው ሳይሰካ የሬዲዮ መቀበያውን የጠቀለልኩበትን ፊኛ አያለሁ፣ የሽቦዎቹን ጫፍ ቫዝሊን እቀባለሁ። ባትሪው ከተሰካ በኋላ ፍሬን የለም። ውሃ ላይ ያለች አውሮፕላን ሞተሯ ባይዞርም ንፋሱ ይወስዳታል፣ አፍንጫዋንም ሁልጊዜ ወደ ንፋሱ ታዞራለች። እንድትዞርልኝ ከመታገል ንፋሱ የሚያዞራትን አቅጣጫ መጠቀም ይሻላል።

ጉልበት ስሰጣት አፍንጫዋን ለማንሳት የጅራቱን መቆጣጠሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ እስባለሁ። ታርሳለች፣ ቡናማው ውሃ በሁለት በኩል ይከፈላል። ከዚያ ድምፁ ይለወጣል። ይህን ለማያውቅ ሰው መግለጽ ያስቸግራል፤ የታፈነው ጩኸት ይከፈትና ውሃው ከሥሯ ጠፍ ጠፍ ጠፍ ማለት ይጀምራል። ጉብታውን ወጥታለች። ልክ በዚያች ቅጽበት የሳብኩትን መልቀቅ አለብኝ፤ አፍንጫዋ ቀና እንዳለ ከቆየ ክንፉ አየሩን ይጎትታል እንጂ ፍጥነት አታገኝም። እርከኑ ላይ ቆማ ትሮጣለች። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የምትነሳበት ቦታ አልፎ ገና ትሮጣለች፣ እጅም መሳብ ያምረዋል። ካልደረሰች ስቦ ማንሳት ሁለት ሜትር አውጥቶ መጣል ነው፤ ስስ አየር ያለጊዜው የተነሳን ክንፍ ወዲያው ይከዳዋል። እሷ ራሷ ቀለል ስትል ጠፍ ጠፉ ይቆማል።

ስታርፍ ዋናው ነገር ክንፎቿ እኩል መሆናቸው ነው። ኅዳር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ነዳጁ ያለቀበትን ቦይንግ 767 ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ዳር ባሕር ላይ ሲያሳርፈው ግራ ክንፉ ቀድሞ ውሃውን ነካ፤ አውሮፕላኑም ዞሮ ተሰበረ። ጠላፊዎቹ በሚታገሉት ጊዜ፣ ሞተር ሁሉ ጠፍቶ፣ 50 ሰው በሕይወት መትረፉ አብራሪው ምን ያህል እንደለፋ ይናገራል። ከውሃው ክብደት የተነሳ አንድ ጫፍ የነካ ክንፍ ወደዚያው ይዞራል፤ ለ1.6 ኪሎ ፎምም ሕጉ ያው ነው። ውሃው ጸጥ ባለ ጊዜ ደግሞ ከፍታዋን መገመት ስለሚያስቸግር ዓይኔን ከውሃው አንስቼ ከዳርቻው ላይ አደርጋለሁ፤ ከዳሩ ጋር ትይዩ አምጥቼ፣ ጥቂት ጉልበት ትቼላት፣ አፍንጫዋን በትንሹ ቀና አድርጌ ውሃው ራሱ እስኪያገኛት እጠብቃለሁ። ፈልጌ አላወርዳትም።

ከውሃ ወጥታ ሲያበቃ በያዝነው ንጹሕ ውሃ ሞተሯንና ሽቦዎቿን እናጥባለን፤ የላንጋኖ ውሃ ሶዳ ስላለበት ሲደርቅ ብረቱን ይበላል። ተንሳፋፊዎቹን ከነቀልኳቸው በኋላ እመዝናቸዋለሁ። ከጠዋቱ ከከበዱ ጨርቁ አንድ ቦታ ውሃ እያስገባ ነው ማለት ነው። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ጥንድ በእያንዳንዱ ወገን አራት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ሆዱም ከፊት ይበልጥ የሾለ ነው። ረዘም ያለ ተንሳፋፊ ጉብታውን ያሳንሳል ብዬ አስባለሁ፤ የጨመረው ክብደት ያንን መልሶ እንዳይበላው ደግሞ የክንፉን ጫፎች በአሥር አሥር ሴንቲ ሜትር አስረዝሜያለሁ። ጨርቁ ገና አልደረቀም። ፈቃዱ ሲታደስ የሚሞከረው እሱ ነው።