ፖዘቲቭ ከወጣ በኋላ

ኤኤንኤ የተባለውን ምርመራ የማነበው መብራት አጥፍቼ ነው። ስላይዱ ላይ ሄፕ-2 የሚባሉ የሰው ሴሎች አሉ። የታካሚው ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ይፈስባቸውና ይታጠባል፤ ቀጥሎ የሚያበራ ቀለም የያዘ ሌላ አንቲቦዲ ይጨመራል። ኒውክለሱ አረንጓዴ ከበራ፣ ታካሚው የገዛ ሴሎቹን ኒውክለስ የሚይዝ አንቲቦዲ አለው ማለት ነው። አንዳንዱ ወጥ ሆኖ ይበራል፣ አንዳንዱ ዝንጉርጉር ነው። ሴንትሮመር የሚባለው ዓይነት ግን ጥርት ያሉ ደቃቅ ነጥቦች አሉት፤ ሳየው ደስ ይለኛል (ለታካሚው የምሥራች ባይሆንም)።

አዳዲስ ተማሪዎች አረንጓዴ ሲያዩ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበትን በሽታ ጠርተው "ሉፐስ ነው!" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የበርካታ ላቦራቶሪዎች ጥናት ግን ጤነኞችን መርምሮ፣ ሴረሙ 1 ለ40 ሲበረዝ 31.7 በመቶው፣ 1 ለ160 ሲበረዝ እንኳ 5 በመቶው ፖዘቲቭ ሆነው አግኝቷል። ሙያው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ አንቲቦዲው በእርግጥ ከበሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ማረጋገጥ።

በዚህ ረገድ ተመራማሪውን ኖኤል ሮዝን የሚያህልብኝ የለም። በ1950ዎቹ ቡፋሎ ውስጥ፣ በኤርነስት ዊተብስኪ ላብ፣ ጥንቸሎችን ከሌሎች ጥንቸሎች በተወሰደ የታይሮይድ ጭማቂ ሲወጋ አንቲቦዲ አወጡ። ከኢሚውኖሎጂ ፈር ቀዳጁ ከፖል ኤርሊክ ዘመን ጀምሮ ሰውነት ራሱን አያጠቃም የሚለው እምነት ሥር ሰዶ ነበርና፣ "ጭማቂው የሌላ ጥንቸል ስለሆነ ይሆናል" የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ሮዝ የጥንቸሏን ታይሮይድ ግማሹን ቆርጦ አወጣና ጭማቂውን መልሶ ለዚያችው ጥንቸል ወጋት። አንቲቦዲው ወጣ፤ ውስጧ የቀረው ግማሽም ተጎድቶ ተገኘ። አለቃው የኤርሊክን ትምህርት የወረሰ ሰው ስለነበር በቀላሉ አላመነም። ሥራው በ1956 ታተመ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ እነ ሮይትና ዶኒያክ ሃሺሞቶ የተባለው የታይሮይድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ የታይሮይድ አንቲቦዲ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ተጠራጣሪው ዊተብስኪም በ1957 ከሮዝና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ አንድን በሽታ ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃባቸው ወገን ለመመደብ ምን መሟላት እንዳለበት መስፈርት አወጣ።

ከማስረጃ ሁሉ የሚበልጥብኝ አንቲቦዲው ወደ ሌላ ሰው ሲሻገር የሚሆነው ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው ጡንቻን የሚያዝል በሽታ ያለባት እናት አንቲቦዲዋ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፍና አንዳንዱ ሕፃን ጡት መጥባት አቅቶት ይወለዳል፤ አንቲቦዲው ከደሙ ሲጠፋ ይድናል። የሃሺሞቶ እናት አንቲቦዲም እንዲሁ ያልፋል፤ የሕፃኑ ታይሮይድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። በሃሺሞቶ ዋናዎቹ አጥፊዎች ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ናቸው። ሴረም ከፍሪዘር ወጥቶ ከዓመታት በኋላም ይሠራል፤ ቲ ሴሎችን ግን ደሙ በተቀዳ በሰዓታት ውስጥ መለየት ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቻችን ሴረም ላይ ተጠምደን የኖርነው ስለሚቀለን ነው።