ባዶ ወረቀትና የረጋ ውሃ፤ ስለ አንድ የዝዋይ ሐይቅ የእርሳስ ሥዕል

የሕዝብን አኗኗር ለሚመረምር ሰው የመልክዐ ምድር ሥዕል እስከ ምን ድረስ ምስክር ሊሆነው ይችላል? ይህን ጥያቄ ያስነሣው አንድ የአሰላ ወጣት ሠዓሊ ከአርሲ ደጋ ወደ ምዕራብ ቍልቍል እየተመለከተ የሣለው የዝዋይ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ የደምበል፣ ሥዕል ነው። መሣሪያው እርሳስና ወረቀት ብቻ ነው።

የሠዓሊው እጅ የሠለጠነ መሆኑ አያጠራጥርም። በቅርብ ያለውን ማሳና ቋጥኝ አጥቍሮ፣ ቍልቍለቱን እያሳሳ ወርዶ፣ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ምድር በአንድ ቀጭን መሥመር አመልክቷል። ውሃውን ግን አልነካውም፤ ወረቀቱን ባዶ ትቶታል። የረጋ ውሃ ብርሃንን ስለሚመልስ፣ በእርሳስ ለሚሠራ ሰው ካልተነካ ወረቀት የበለጠ የሚመስለው የለም። ስለዚህ በጥበብ በኩል ነቀፋ የለብንም።

ነቀፋችን የሚነሣው በባዶው ስፍራ ከጠፋው ነገር ነው። በዝዋይ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁም ቱሉ ጉዶ ነው። በነዚህ ደሴቶች የዛይ ሕዝብ የራሱን ሴማዊ ቋንቋ እየተናገረ፣ ዓሣ እያጠመደና እያረሰ ለብዙ ዘመን ኖሯል፤ በደብረ ጽዮን ማርያምም የብራና መጻሕፍትን ጠብቋል። በዳርቻው የአርሲ ኦሮሞ ከብቱን ያጠጣል። በሥዕሉ ላይ ግን ደሴቶቹ ሁለት ጥላዎች ብቻ ሆነዋል፤ ታንኳ፣ ከብት፣ ጭስ የሚባል የለም። ውሃውም ዘወትር የረጋ አይደለም። ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ቶሎ ይናወጣል። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የቀታር ወንዝ የደጋውን አፈር ይዞ ይገባበታል፤ ትርፉም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈስሳል። ዛሬ ደግሞ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ይሳባል። አብያታ ራሱ ዳርቻው ምን ያህል እንደ ሸሸ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል።

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ውሃን ባዶ መተው ልማዳቸው አልነበረም። ጥምቀተ ክርስቶስን ሲሥሉ ዮርዳኖስን በሞገድ መሥመርና በዓሣ ይሞሉታል፤ የኤርትራን ባሕር ሲሥሉም የፈርዖን ሠራዊት ከነፈረሱ ሲሰጥም ያሳያሉ። ለነርሱ ውሃ ማለት አንድ ነገር የሚሆንበት ስፍራ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተፈጥሮን እያዩ መሣልን ለትውልድ አስተምሯል፤ ይህም ትልቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን አዲሱ ዐይን ሲመጣ አሮጌው ዕውቀት ሊጣል አይገባውም ነበር።

ምናልባት፣ «ሠዓሊ ያሻውን የመተው ነጻነት አለው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ለደስታ ሲሰቀል ማንም አይከራከረውም። በጥናት መዝገብ ውስጥ ሲገባ ግን «በዚህ ሐይቅ ማንም አልነበረም» ብሎ ይመሰክራል። ለሚመጣው ተመራማሪ ሐሰተኛ ምስክር ማስቀመጥ ደግሞ የሰብሳቢው ጥፋት እንጂ የሠዓሊው አይደለም።

እንግዲህ ሰብሳቢው ከሥዕሉ ጀርባ ሠዓሊው የቆመበትን ስፍራ፣ የዞረበትን አቅጣጫ፣ ወሩንና ሰዓቱን፣ ደግሞም ምን እንደ ተወ ጠይቆ ይጻፍ። ያን ጊዜ ሥዕሉ የዳርቻውን መሥመር ከኋለኛው ዘመን ጋራ ለማመዛዘን ይጠቅማል። ሠዓሊውም ከደጋው ወርዶ ከታንኳው ዳር ተቀምጦ ሁለተኛውን ሥዕል ቢሥል፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሆነው የሐይቁን ነገር ከአንዱ ይልቅ በቅንነት ይናገራሉ።