አምባሰል በትሮምቦን ይነፋል ወይ?

አንድ የሙዚቃ ጽሑፍ ከባድ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን የኖታውን ብዛትና ፍጥነት እናያለን። አቀናባሪውም ኮምፒውተር ላይ ያጫውተውና ጥሩ ከተሰማ «ይነፋል» ብሎ ይልከዋል። ለትሮምቦን ይህ ፍርድ አይበቃም፤ ኮምፒውተር ክንድ የለውማ!

እስቲ በአካባቢያችን ምሳሌ እንፈትሸው። ከዋጃ ተነስታችሁ በቆቦና በወልዲያ አድርጋችሁ ወደ ደሴ ስትጓዙ አምባሰልን ታገኛላችሁ። በስሙ የሚጠራው ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው ከፍ የሚለው በግማሽ ቶን ብቻ ነው። ለማሲንቆ ተጫዋች ይህቺ ትንሽ የጣት ሥራ ናት።

አሁን መነሻውን የትሮምቦን ዝቅተኛ ቢ ፍላት አድርጉት። ስላይዱ ተዘግቶ ቱቦው 2.7 ሜትር ያህል ነው። ከንፈር ብቻውን ከቢ ፍላት ቀጥሎ የሚያገኘው ድምፅ ኤፍ ነው፤ በመካከል ምንም የለም። ክፍተቱ የሚሞላው ስላይዱን እየሳቡ ከኤፍ ወደ ታች በመውረድ ነው። ቢ የመጨረሻዋ ስለሆነች ሰባተኛው ፖዚሽን ላይ ትገኛለች። ስድስት ግማሽ ቶን መውረድ ቱቦውን በ41 በመቶ፣ ማለትም በ1.1 ሜትር ያስረዝማል። ስላይዱ ድርብ ስለሆነ ክንድ የሚጓዘው ግማሹን፣ ወደ 56 ሳንቲሜትር ነው። ለጆሮ ጎረቤት የሆኑ ድምፆች ለክንድ ዳርና ዳር ሆኑ ማለት ነው።

በደቂቃ 120 ምት፣ በየምቱ አራት ኖታ ቢጻፍ ለአንዱ ኖታ የሚደርሰው 0.125 ሰከንድ ነው። ክንዱ በሰዓት 16 ኪሎሜትር ገደማ ሮጦ፣ ቆሞ፣ መመለስ አለበት፤ ያውም ደጋግሞ። በእኔ ፍርድ ይህ ጽሑፍ ጥርት ብሎ አይነፋም፤ ጥፋቱም የነፊው አይደለም።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጉት፦ ቢ ፍላት አምስተኛው፣ ቢ አራተኛው ፖዚሽን ላይ ይገኛሉ፤ ከንፈር ትንሽ ቢደክምም ክንድ ያርፋል። ወይም በአውራ ጣት የሚጫን ኤፍ ቫልቭ ላለው ትሮምቦን ጻፉት።

የነሐስ መሣሪያ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን «አርባ ልጆች» በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ነፍተዋል። ስለዚህ ቅኝቶቻችንን ለትሮምቦን የምትጽፉ ልጆች፣ «ስንት ኖታ አለው?» ከማለታችሁ በፊት «ክንዱ ስንት ሳንቲሜትር ይሄዳል?» በሉ። ማስመሪያ ይበቃችኋል።